የኤግዚቢሽን ዕቃ ጣጣው መውጫው ላይ ነው

«ከቀረጥ ነጻ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

ይህን የማልሰማበት ኤግዚቢሽን የለም። ተናጋሪው ይለያይ እንጂ ቅሬታው ያው ነው። አንዳንዴ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። አንዳንዴ ማሽን ሊያሳይ የመጣ ቴክኒሻን ነው። የሚባለው ግን ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ማታ ነው። ስታንዱ ሲፈርስ፣ ሳጥኑ ሲታሸግ፣ የጉምሩክ ፈታሹ ዝርዝሩን ይዞ «ይሄኛውስ የታለ?» ሲል።

ሥራዬ የኤግዚቢሽን ዕቃ ማስገባትና ማስወጣት ነው። ትራንዚተር ነኝ፤ ለንግድ የሚመጣ ጭነት ግን አልነካም። የእኔ ዕቃ ይመጣል፣ ይታያል፣ ይመለሳል። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ መግቢያው ብቻ ነው። ምን ሰነድ ያስፈልጋል? ስንት ቀን ይፈጃል? ፈታሾቹ ያስቸግራሉ? ስለ መውጫው የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ደግሞ እንቅልፍ የማጣው በመውጫው ነው። ስለዚህ ዛሬ እሱን ልጻፍ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለኤግዚቢሽን የመጣ የውጭ ዕቃ ጉምሩክ ሲደርስ ቀረጡና ታክሱ ይሰላል፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ። ከዚያ ሂሳቡ ሳይከፈል ተንጠልጥሎ ይቆያል። ዕቃው በተባለው ቀን ተመልሶ ከወጣ ይዘጋል። ካልወጣ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ከቅጣት ጋር። እስከዚያ ድረስ ጉምሩክ ባዶ እጁን አይቀመጥም። ወይ ጥሬ ገንዘብ አስይዘውለታል፣ ወይ የባንክ ዋስትና አለው፣ ወይ የኢንሹራንስ ቦንድ፣ ወይ ካርኔት የሚባለው ዓለም አቀፍ የዋስትና ሰነድ። ለዚያ ዕቃ ዋስ ሆኖ የቆመ አንድ አካል የግድ አለ። ኤግዚቢሽኑ ላይ የሚሳተፈው ሰው ይህን አያይም። እሱ የሚያየው ዕቃው ምንም ሳይከፈልበት በሩን ማለፉን ነው። ታዲያ «ነጻ ነው» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ክሪስታል ፓላስ የተባለው የመስታወት ሕንጻ በጉምሩክ ዓይን የቦንድ መጋዘን ነበር። የውጭው ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል። እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ለቀረጥ ጉዳይ ወደ አገር እንደገባ አይቆጠርም። ጎብኚው በሐር ጨርቁና በሸክላው መካከል ሲንሸራሸር በሕጉ ዓይን መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። ይህን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል። ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎ የተጎበኘ የጉምሩክ መጋዘን! የዛሬ መጋዘን ኃላፊዎች ይህን ቢሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ።

አሜሪካኖች ደግሞ ለየኤግዚቢሽኑ ሕግ ያወጡ ነበር። ለ1876ቱ የፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ኮንግረስ በ1874 ሕግ አወጣ። ለ1893ቱ የቺካጎ ኤግዚቢሽን ደግሞ በኤፕሪል 1890 ሌላ ሕግ ወጣ። ለማሳያ ብቻ የሚመጣ የውጭ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይግባ ይላል። እኔን ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኤግዚቢሽኑ እየተካሄደ ዕቃውን መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው የሚረከበው ግን ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ነው። በተሸጠው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይከፈላል። ልኩም ዕቃው በገባበት ቀን ይሠራ በነበረው ታሪፍ ነው።

ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው ሥራውን ያውቃል። ዕቃው የመጣው ሊታይ ነው ቢባልም ያየ ሰው መግዛት ይፈልጋል። ሻጩም ያን ሁሉ መንገድ የመጣው እንዲገዙት ነው። ሕጉ ይህን አልካደም። ሽያጩን ፈቅዶ ርክክቡን አዘገየ። በዚህ ሁለት ነገር ተገኘ። አዳራሹ በመሀል ባዶ አይቀርም፤ ጉምሩክም ዕቃውን እስከ መጨረሻው ቀን በዓይኑ ያየዋል። የታሪፉም ነገር ብልህነት አለበት። ኤግዚቢሽኑ ወራት ይፈጃል። በመሀል ታሪፍ ቢለወጥ ነጋዴው የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ዛሬም ደንበኞቼን የምመክረው በዚሁ መንፈስ ነው። ገዢ ከመጣ ተዋዋሉ፣ ቀብድ ተቀበሉ። ዕቃውን ግን ጉምሩክ እስኪፈቅድ ከስታንዱ ንቅንቅ አታድርጉት።

በየኤግዚቢሽኑ ሕግ ማውጣት አሰልቺ ነው። ቀስ በቀስ አገሮች ተስማሙ። በ1928 ፓሪስ ላይ የዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ስምምነት ተፈረመ፤ ኤክስፖ የሚባሉትን ትልልቆቹን ይመለከታል። ተራው የንግድ ትርዒት እፎይ ያለው በ1961 ነው። በዚያ ዓመት ብራስልስ ላይ በጁን ስለ ኤግዚቢሽን ዕቃዎች፣ በዲሴምበር ደግሞ ኤቲኤ ስለሚባለው ካርኔት ሁለት ስምምነቶች ወጡ። በ1990 ኢስታንቡል ላይ የወጣው የጊዜያዊ ማስገባት ስምምነት የተበታተኑትን አንድ ላይ ሰበሰበ። የኤግዚቢሽን ጉዳይ ያለው አባሪ ቢ 1 ውስጥ ነው። በቃሌ ልወጣው ትንሽ ነው የቀረኝ።

አሁን ወደ ካርኔቱ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ በወረቀት ሲሆን አረንጓዴ ሽፋን ያለው ጥራዝ ነው። ውስጡ ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ ቅጠሎች አሉት። ቢጫው ዕቃው ከመነሻ አገሩ ሲወጣና ሲመለስ ነው። ነጩ በሚታይበት አገር ሲገባና ሲወጣ። ሰማያዊው በትራንዚት ለሚያልፍባቸው አገሮች። እያንዳንዱ ድንበር ላይ አንድ ቅጠል ይቀደዳል፤ ጉርዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ማኅተም የሚመታው ጉርዱም ላይ ነው። የሚሰጠው በየአገሩ የተሰየመው ዋስ ድርጅት ነው፤ ብዙ ቦታ የንግድ ምክር ቤቱ ነው። ዓለም አቀፉ የዋስትና ሰንሰለት የሚተዳደረው በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ሥር ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይቀበሉታል። ዕድሜው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በደረሳችሁበት አገር ገንዘብ አታስይዙም። አዲስ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ፣ አትሞሉም። ሦስት አገር ለሦስት ትርዒት የሚዞር ዕቃ ካላችሁ ከእሱ የተሻለ ነገር አላውቅም። ግን ወጥመድ አለው። ሰው ሽፋኑ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን አይቶ ዘና ይላል። ነጩ ጉርድ ላይ ግን ሌላ ቀን አለ። አስገቢው አገር ጉምሩክ «እስከዚህ ቀን ይውጣ» ብሎ በእጁ የሚጽፈው። ያ ቀን ከሽፋኑ ቀን ሊቀድም ይችላል፤ የሚገዛችሁም እሱ ነው። የኢስታንቡሉ ስምምነት ለኤግዚቢሽን ዕቃ ቢያንስ ስድስት ወር ይሰጥ ይላል። ሁሉም አገር ደግሞ የስምምነቱ አባል አይደለም። ስለዚህ እኔ ካርኔት ሲመለስልኝ መጀመሪያ የማየው ነጩን ጉርድ ነው። የፈታሹ የእጅ ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ እዚያው ቆሜ እጠይቃለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ፈታሽ፣ «እህቴ፣ ቁጥር ማንበብ ከበደሽ?» አለኝ።

«ይህ 1 ነው 7?» አልኩት።

አየው። ደግሞ አየው። «1 ነው… መሰለኝ» አለ። አስተካክሎ ጻፈልኝና ማኅተም መታበት። የእሱ ጽሑፍ ለእሱ ራሱ ካልተነበበ መውጫ ላይ ያለው ሌላኛው ፈታሽ እንዴት ያንብበው?

ሌላው ነገር ካርኔት አንዴ ከወጣ በኋላ ዝርዝሩ ላይ ዕቃ አይጨመርበትም። አንድ ሰው በመጨረሻ ሰዓት «ይህችንም ስክሪን ጨምሩልኝ» ካለ ስክሪኗ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋታል። መቀነስ ግን ይቻላል። አሥር ዕቃ ተጽፎ ስምንቱ ብቻ ቢጓዝ ችግር የለውም፤ ቅጠሉ ላይ የሚጓዙት ተራ ቁጥሮች ይጻፋሉ። ስለዚህ ስታመነቱ ጻፉት። ዕቃው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ የሚወጣ ከሆነም ተጨማሪ ነጭ ቅጠል ቀድማችሁ ጠይቁ። ማታ ላይ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ቅጠል ከየት ይመጣል?

ካርኔት የማይቀበል አገር ከሆነ ወይም ዕቃው ለካርኔት የማይሆን ከሆነ ያገሩን የጊዜያዊ ማስገባት ሥርዓት መከተል ነው። ዲክላራሲዮን ይሞላል። ዋስትና ይያዛል። ከአዘጋጁ «ይህ ድርጅት ተሳታፊ ነው» የሚል ደብዳቤ ይቀርባል። ትልልቅ ትርዒቶች ላይ አዘጋጁ የሰየመው አጓጓዥ ይኖራል፤ የዋስትናውንም ነገር እሱ ሊሸፍን ይችላል። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ፎርክሊፍት የእሱ ነው። ተጨቃጭቃችሁ ምንም አታመጡም።

ስለ ዝርዝሩ ግን ረዘም አድርጌ ላውራ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የማሸጊያ ማሽን አስገብቼ ነበር። ባለቤቱ የላከልኝ ፓኪንግ ሊስት እንዲህ ይላል፦ «ማሸጊያ ማሽን፣ 1። መለዋወጫና ተጓዳኝ ዕቃዎች፣ 1 ሳጥን።» ስልክ ደወልኩ።

«ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ኧረ ተራ ነገር ነው። ገመድ፣ ብሎን፣ መፍቻ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።»

«አንድ በአንድ ይጻፍልኝ። ሴሪ ቁጥር ያለው በሴሪ ቁጥሩ፤ የሌለው በብዛቱ፣ በክብደቱና በፎቶ።»

«ለብሎን?»

«ለብሎን።»

እንደ ቀበኛ ነው ያየኝ መሰለኝ፤ ስልክ ባይሆን። በኋላ ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ ሁለት ታብሌቶች፣ አንድ የሙቀት ካሜራና አዲስ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተገኘ። ከማሽኑ ቀጥሎ ትልቁን ዋጋ የያዙት እነሱ ናቸው። «ተጓዳኝ ዕቃዎች» ተብሎ ቢገባ ኖሮ ሲወጣ ፈታሹ ምን ከምን ጋር ያመሳክራል? ሳጥኑ ሲገባ ይህን ያህል ኪሎ መዝኗል፤ ሲወጣ ቀንሷል። የቀነሰው ብሎን ነው ካሜራ? የማስረዳት ግዴታው የእናንተ ነው።

ዝርዝር የሚጻፈው ለሚያወጣው ፈታሽ ነው። ሲገባ ያየው ሰው ሲወጣ ላይኖር ይችላል። ሌሊት ነው፣ ደክሞታል፣ ማሽኑን አይቶት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ካለው ቃልና ቁጥር በቀር ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። «ማሽን፣ ሰማያዊ» ብላችሁት ቢጠራጠር አትፍረዱበት። ቁጥሩ የት ቦታ እንደተለጠፈ ጭምር ጻፉለት። ከኋላ በታች፣ በቀኝ በኩል። በባትሪ ብርሃን ሲፈልግ ያመሰግናችኋል።

ዋጋ ላይም ማጭበርበር የሚያምረው አይጠፋም። «ይመለሳል እኮ፤ ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ዋስትናው ይቀንሳል።» እሺ። ዕቃው ቢሰበርና ኢንሹራንስ ብትጠይቁስ? ገዢ ቢገኝና ለመሸጥ ብትፈልጉስ? ያኔ እውነተኛው ዋጋ ይወጣል፤ ጉምሩክም የመጀመሪያውን ወረቀት ከፊታችሁ ያስቀምጠዋል።

አሁን ደግሞ ተመልሶ የማይወጣው። እዚህ ላይ የኢስታንቡሉ ስምምነት ለጋስ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የማተሚያ ማሽን ልታሳዩ ነው እንበል። ሲታይ ወረቀት ይበላል፣ ቀለም ይበላል። ለማሳያው ሲባል የሚያልቅ ወይም የሚበላሽ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ስታንዱን ለመሥራትና ለማስጌጥ የሚውል ርካሽ ነገርም እንዲሁ፤ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ የግድግዳ ወረቀት። ካታሎግ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ፖስተርና የቀን መቁጠሪያም በነጻ እስከታደሉ ድረስ። ትንንሽ ናሙናም አለ። ናሙናው ዋጋው ጥቂት መሆን፣ ናሙናነቱ መታወቅና ለጎብኚው በነጻ መሰጠት አለበት። የአልኮል መጠጥ፣ ትምባሆና ነዳጅ በዚህ በር አይገቡም። ይህን ለአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ተወካይ ነግሬው «ታዲያ ምኑን ላቅምሳቸው?» አለኝ። ቀረጡን ከፍሎ ማቅመስ ይችላል። ማንም አይከለክለውም።

ልክ የሚባል ነገርም አለ። ስምምነቱ ብዛቱና ዋጋው ከትርዒቱ ባሕርይ፣ ከጎብኚው ቁጥርና ከተሳታፊው ስፋት ጋር ይመጣጠን ይላል። ይህን የሚመዝነው ፈታሹ ነው። አንዲት ጠባብ ስታንድ የተከራየ ሰው ሙሉ ኮንቴይነር «የስጦታ እስክሪብቶና ቦርሳ» ሲያመጣ እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ያን ሁሉ ለማደል ስታንዱ ፊት ሌት ተቀን ሰልፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ደንበኛዬ ቢሆንም አልከራከርለትም። እሱ ባጨበረበረ ቁጥር ቁጥጥሩ የሚጠብቀው በቀጣዩ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ ምናልባት ንጹሕ ሰው ይሆናል።

እነዚህ የሚያልቁ ነገሮች ካርኔት ላይ አይጻፉም። ካርኔት ይመለሳል ተብሎ ለሚማልለት ዕቃ ነው። ቀለሙን ከማሽኑ ጋር አንድ ዝርዝር ላይ ካስገባችሁት መውጫ ላይ «ቀለሙ የታለ?» ትባላላችሁ። «አለቀ» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ወረቀት አይሆንም። ለየብቻ ወረቀት ይሠራላቸው።

ሳጥኑም ራሱ ጉዳይ አለው። በወፍራም ጣውላ የተሠራ ሳጥን ከሆነ የተባይ ደንብ ይመለከተዋል። በሙቀት የታከመ እንጨት መሀሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ደርሶ ምልክቱ ይታተምበታል። ቀረጡ ሁሉ ተስተካክሎ በጣውላ ምክንያት የቆመ ጭነት አይቻለሁ።

እንግዲህ የመጨረሻው ቀን። አዳራሽ ሲዘጋ ያላየ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው! ጎብኚው ገና በሩን ሳይወጣ መዶሻ ይጀመራል። ሁሉም ፎርክሊፍት ይፈልጋል። ባዶ ሳጥኖቹ ከተከማቹበት እስኪመጡ ሰው ዕቃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። የቀረው ቴክኒሻኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ወረቀቱ የሚያውቀው የለም። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ስክሪን ከምትሸከሙት ለእኔ ብትሸጡልኝስ?» ይላል። ሌላው «ለትምህርት ቤት በስጦታ ብንሰጠው ምን አለበት?» ይላል። ስጦታ መልካም ነው። ለጉምሩክ ግን ያ ዕቃ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ቀረ፤ አለቀ።

በአግባቡ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ ዕቃ ካለ ለጉምሩክ ይነገራል። ጉምሩክ ከፈቀደ ከጊዜያዊ ወደ ቋሚ ይዛወራል። ቀረጡና ታክሱ ይከፈላል፤ ወይም ተቀባዩ ነጻ የሚያደርግ መብት ካለው ያቀርባል። የተበላሸና ሊመለስ የማይገባው ዕቃ በጉምሩክ ፊት ይወድማል፣ ወይም ለመንግሥት ይተዋል። በአደጋ የተጎዳ ከሆነ ባለበት ሁኔታ ተገምቶ ቀረጡ የሚከፈልበት መንገድም አለ። ሁሉም ወረቀት ይፈልጋል፤ ሁሉም ቀን ይፈጃል። በመጨረሻው ማታ አንዱም አይሆንም። ክፉው ስርቆት ነው። በብዙ አገር ሕግ የተሰረቀ ዕቃ አገር ውስጥ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዕቃውን አጥታችሁ ቀረጡንም ትከፍላላችሁ። ተገቢ አይመስለኝም፤ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው። ማታ ማታ ታብሌታችሁን ቆልፉ።

አንዱን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ማሽኑ በመርከብ ሊመለስ ታሽጓል። ኢንጂነሩ ግን መለኪያ መሣሪያውን «ለስለስ ያለ ዕቃ ነው፣ አላምናቸውም» ብሎ በጀርባ ቦርሳው ይዞት በረረ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ጉምሩክ ጋ አልሄደም፤ ነጩን ቅጠል አላስመታም። መሣሪያው አገሩ በሰላም ገባ። ወረቀቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

የክፉ ነገሩ ወሬ የሚመጣው ሁሉም ከረሳው በኋላ ነው። በኤቲኤ ስምምነት መሠረት ጉምሩክ ካርኔቱ ዕድሜው ካለቀ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ዋሱ ድርጅት ዕቃው መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ለማቅረብ ስድስት ወር አለው። ተጠያቂነቱ እስከ ቀረጡና ታክሱ ድምር ድረስ ነው፤ በላዩ ላይ 10 በመቶ ሊታከልበት ይችላል። ዋሱ ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ ካርኔቱ ባለቤት ያዞራል። ያን ጊዜ ኢንጂነሩ ሥራ ለቋል፣ ቦርሳውም ተቀዷል።

መዳኛ ግን አለው። ዕቃው አገሩ ሲመለስ ቢጫው ቅጠል ላይ የመነሻው አገር ጉምሩክ ማኅተም ካለበት፣ ያ ማኅተም ዕቃው መውጣቱን ሊያስረዳ ይችላል። የማስተካከያ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ከቀረጡ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አይደለም። ለዚህ ነው ዕቃውን የሚቀበሉትን ሰዎች «አገራችሁ ገባ ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ቢጫውን አስመቱ» እያልኩ የምነዘንዛቸው። ካርኔቱንም ጨርሳችሁ ስትመልሱ ቅጂውን አስቀሩ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ ሥርዓት ለትልቅ ድርጅት የተመቸ ነው። ትልቁ ድርጅት ባንክ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ የሚነዘንዘው ትራንዚተር አለው። ዋስትናው ለእሱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። በእጁ የሠራውን ምንጣፍ፣ ቅርጫት ወይም ጌጥ ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ሌላ ነው። ለእሱ የሚያስይዘው ገንዘብ የሥራ ማስኬጃው ነው። ትርዒቱ አልቆ ገንዘቡ እስኪለቀቅለት ሌላ ዕቃ መሥራት አይችልም። ዕቃው ደግሞ ሴሪ ቁጥር የለውም። አንዱ ቅርጫት ከሌላው በምን ይለያል? ፎቶ እናነሳለን፣ ቁጥር ያለው ምልክት እናስራለን፣ ክብደት እንመዘግባለን። ይሠራል፤ ግን ጊዜ ይበላል፣ ፈታሹም ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሰው የመጣው ሊሸጥ ነው። እውነቱን እንነጋገር። ትርዒቱ ከመዘጋቱ በፊት ግማሹን ካልሸጠ የአውሮፕላን ቲኬቱን እንኳ አይመልስም። ጊዜያዊ ማስገባት ለእሱ የተሠራ አይደለም። የኢስታንቡሉ ስምምነት ራሱ የውጭ ዕቃ ለመሸጥ ተብሎ በሱቅ ወይም በንግድ ቤት ውስጥ በግል የሚዘጋጅ ኤግዚቢሽንን ከትርጉሙ ያወጣዋል። ባዛር በይፋ አዳራሽ ውስጥ ቢሆንም በእጅ በእጅ የሚሸጥ ዕቃ ተመልሶ ይወጣል ብሎ መፈረም በራስ ላይ ገመድ መጥለፍ ነው። አዘጋጆች ይህን ሳይነግሯቸው «ከቀረጥ ነጻ ነው፣ ኑ» ሲሏቸው እናደዳለሁ። መግቢያ በሩ ላይ አበባ ይዘው ይቀበሏቸዋል። መውጫው ላይ አብሯቸው የሚቆም የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣብኝ ዕቃውን ለሁለት እንክፈለው እላለሁ። የሚሸጠውን አስቀድሞ ይገምት፤ ለእሱ ቀረጡን ከፍሎ በተራ ዲክላራሲዮን ያስገባው። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም፤ ለፈለገው ይሸጣል፣ ይመርቃል፣ ያተርፋል። የሥራውን ጥራት የሚያሳዩትን ምርጦቹን፣ የማይሸጣቸውን፣ በጊዜያዊ ያስገባ። ሁለት ዝርዝር፣ ሁለት ሰነድ፣ ሁለት ቀለም ምልክት። ስታንዱም ላይ ለየብቻ ይቀመጡ። ሁለቱን ደግሞ በአንድ ሳጥን አታሽጓቸው።